ደግ ልብ ብቻ ይበቃል?

ከሉማሜ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ደጀንን እንዳለፈ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ይወርዳል። ከታች በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ይሻገርና አቀበቱን ወጥቶ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። እዚያ ገበያተኛው የሚጨዋወተው በኦሮምኛ ነው። ተጓዡ ከቤቱ ከወጣ ግማሽ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ ሰላምታው፣ ቀልዱ፣ የዘመድ አጠራሩ ግን ተለውጧል።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን መንገድ ትወርዱታላችሁ። አንዱ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት፣ ሌላዋ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሌላው በአዊ ዞን ትምህርት ቤት፣ ሌላዋ ደግሞ ባሕር ተሻግራ ሥራ ትይዛለች። ለስንብት ጸሎት በተሰበሰብን ቁጥር የምሰማው አንድ ቃል አለ፦ «እኔ ለማንም ክፉ አላስብም። ልቤ ንጹሕ ከሆነ ከማንም ጋር ተስማምቼ እሠራለሁ።»

ቃሉ መልካም ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ደግ ልብ ብቻውን ይበቃል? ክፉ ያላሰበ ሰው ሌላውን አይበድልም ማለት ነው?

መልካም ሰዎችና የተዘነጉ መበለቶች

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አስታውሱ። በኢየሩሳሌም የነበሩት አማኞች ያላቸውን እየሸጡ የሚያካፍሉ ሰዎች ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ደግ ልብ ከየት ይመጣል? ሆኖም በየዕለቱ ምግብ ሲታደል ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ይቀሩ ነበር። ወገኖቻቸውም አጉረመረሙ። መጽሐፉ ማንም ሆን ብሎ ከለከላቸው አይልም። የተዘነጉ ናቸው። ምናልባት አዳዩ ስማቸውን መጥራት አልቻለበትም፤ ምናልባት የዕደላው ሰዓት የተነገረው እነርሱ በማይሰሙት ቋንቋ ነበር። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ አንድ ነው፤ በመልካም ሰዎች መካከል ሰው ጦሙን አደረ።

ሐዋርያቱ ምን አደረጉ? «ተዋደዱ» የሚል ስብከት ሰጥተው አላለፉም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የተመረጡት ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ኒቆላዎስ ከአንጾኪያ የመጣና ወደ አይሁድ እምነት የገባ ሰው ነበር። እንግዲህ የተዘነጉትን የሚያውቅ፣ ሲናገሩ የሚሰማቸው ሰው በማዕዱ ላይ ቆመ ማለት ነው። የጎደለው ፍቅር አልነበረም፤ የጎደለው ዕውቀትና አሠራር ነበር። የጎደለውም ተሞላ።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ሆኖም ከባድ ነገር ነው። ፍቅር መማርን ይጠይቃል። የማይማር ፍቅር ሳያውቅ ሰው ይረግጣል፤ የተረገጠውም ሰው የረጋጩ ልብ ንጹሕ ስለሆነ ሕመሙ አይቀንስለትም።

«እሺ» ሲባል ምን ተባለ?

እስቲ ወደ ሥራ ቦታ እንምጣ። ከአካባቢያችን የወጣ አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ የውጭ ዜጎች በሚመሩት ድርጅት ተቀጠረ እንበል። አለቃው «ይህን ሪፖርት እስከ ዓርብ ትጨርሳለህ?» ይለዋል። ወጣቱ ሥራው በዓርብ እንደማያልቅ ያውቃል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ አለቃን ፊት ለፊት «አልችልም» ማለት ድፍረት ነው። ስለዚህ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ እሞክራለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። የጎጃም ሰው ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ ጊዜው አይበቃም ማለቱ ነው። አለቃው ግን የሰማው «እሺ» የሚለውን ብቻ ነው። ዓርብ ሲመጣ ሪፖርቱ የለም። አለቃው «ዋሸኝ» ይላል፤ ወጣቱ «ነግሬው ነበር፣ አዋረደኝ» ይላል። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም፤ ሁለቱም ተጎድተዋል።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። የቅኔ ጉባኤ የሞላበት አገር ልጆች ስለሆንን ከቃሉ ጀርባ ያለውን ማንበብ የጨዋነት ምልክት አድርገን እናየዋለን። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ሰሙን ብቻ በሚሰማ ሰው ፊት ወርቁን ደብቆ «ለምን አልገባህም?» ማለት ፍትሕ አይደለም። ሌላውም በበኩሉ እውነቱን በግልጽ ሲነግረን «ስድ ነው» ብለን እንፈርድበታለን፤ እርሱ ግን በአገሩ ልማድ ማክበሩ ነው። አንተና እርስዎ ለይቶ በማይናገር ቋንቋ ያደገ ሰው አማርኛ ሲማር ሽማግሌውን ጥበቃ «አንተ» ቢላቸው ንቀት ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋው ገና አልሞላለትም።

ትንሽ የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ስብሰባው «3 ሰዓት» ነው ስንል ለእኛ ጠዋት ነው፤ በውጭው ሰው ሰዓት ግን ያ ጊዜ 9 ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር አለው፤ ከእነርሱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ሁለተኛው ስማችን የአባታችን ስም ሲሆን እነርሱ የቤተሰብ መጠሪያ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱን ትተው አባቱን ይጠራሉ። ምግብ ስናቀርብ እንግዳው «በቃኝ» ቢልም «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብለን ካልጨመርንለት ያላከበርነው ይመስለናል። የሌላ አገር ሰው ግን «በቃኝ» ያለው በቅቶት ነው፤ ግድ ስንለው ቃሉን ያልሰማነው መስሎ ይታየዋል። በአንዳቸውም ውስጥ ኃጢአት የለም። ነገር ግን ሲደራረቡ በሥራ ባልደረቦች መካከል ግድግዳ ይሆናሉ፤ ከግድግዳውም ወዲያና ወዲህ ሆነው ሁሉም የሚሉት «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ነው።

ማክሰኞና ቅዳሜ

ታዲያ ይህ ዕውቀት እንዴት ይገኛል? ከእጃችን ካለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በካይሮ አቡ ሩሚ የሚባሉ፣ አባ አብርሃም በመባልም የሚታወቁ አረጋዊ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ይኖሩ ነበር። በዚያው ከተማ አስለን ደ ሸርቪል የሚባሉ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ነበሩ። አንዱ የሐበሻ መነኩሴ፣ ሌላው የአውሮፓ ባለሥልጣን፤ አፍ በፈቱበት ቋንቋ የማይግባቡ፣ በልማድም የተራራቁ ሰዎች። ሁለቱን ያገናኛቸው ዐረብኛ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ አብረው ተቀመጡ። በእነዚያ ቀናት የሹሙ ደጅ ለሌላ እንግዳ ዝግ ነበር። ዐረብኛውን ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነቡታል፤ ከባድ ቃል ሲገጥማቸው ሹሙ የዕብራይስጡን፣ የሱርስቱንና የግሪኩን ትርጉም እያዩ ያብራራሉ፤ መነኩሴውም ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ሥራው ሲያልቅ ከ9,500 ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ሆነ። በ1820 (እ.ኤ.አ.) ዊልያም ጆዌት ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ በለንደን ቶማስ ፔል ፕላት ለኅትመት አዘጋጀው። ወንጌሎቹ በ1824፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተሙ። አባ አብርሃም ግን በካይሮ በወረርሽኝ ዐርፈው ስለነበር የታተመውን አላዩም።

በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የገጹ ብዛት አይደለም። የተዘጋው ደጅ ነው። ሹሙ ብዙ ጉዳይ የሞላባቸው ሰው ነበሩ፤ መነኩሴውም የዕድሜ ባለጠጋ ነበሩ። ሆኖም «ይህ ቃል በእናንተ ዘንድ ምን ይባላል?» ለሚለው ጥያቄ በሳምንት ሁለት ቀን መደቡ። ከሌላ ባህል ሰው ጋር የመሥራት ችሎታ የምንለው መሠረቱ ይህ ነው፤ የገባኝ መስሎኝ ከማለፍ ይልቅ ቆሜ መጠየቅ፣ ለጥያቄውም ጊዜ መክፈል። ይህ ተሰጥኦ አይደለም። ዝምተኛውም ጨዋታ ዐዋቂውም ሊማረው ይችላል።

ከታናሽ መማር

ሁለተኛው ምሳሌ አናሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ስማቸው ሂካ ነበር። ባሪያ ፈንጋዮች ከኢሉባቦር ሰርቀው ወሰዷቸው፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡና በስዊድን ሚሲዮን አደጉ። ስዊድን ድረስ ሄደው ለዓመታት ተምረዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ሲነሡ ትምህርቱ ነበራቸው፤ ነገር ግን ለረጅም ዘመን ከቋንቋው ተናጋሪዎች ርቀው ኖረዋል።

በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። በ1886 (እ.ኤ.አ.) በባሕር ተሻግራ ልትሸጥ ስትል የጣሊያን መርከብ አስጥሏት ወደዚያ የመጣች ናት። አስቴር የሕዝቧን ቃል፣ ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ በልቧ ይዛ ነበር። ለትርጉሙ ሥራ የቃላት ስብስቡን ያዘጋጀችው እርሷ ናት፤ ወደ 500 የሚደርሱ የቃል ሥነ ጽሑፎችንም ጽፋ አኑራለች። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በውስጡም የአስቴር ድካም አለበት።

ልብ በሉ። አውሮፓ የተማሩት ሰው ገና ከባርነት ጫፍ ከተረፈች ወጣት ጋር ተቀምጠው ተማሩ። በሥራ ቦታችሁም እንዲሁ ነው። ስለ አካባቢው ሰው የሚያውቀው ዲግሪ ያለው አማካሪ ላይሆን ይችላል፤ የጥበቃው አባት፣ ሻይ የምታፈላው እኅት፣ ከመስክ የመጣው ሾፌር ሊሆን ይችላል። የመማር ዝንባሌያችን ወደ ላይ ብቻ የሚያይ ከሆነ ችሎታችን ሁልጊዜ ጎደሎ ይሆናል።

ይህ ማስመሰል አይደለምን?

እዚህ ላይ አንድ ወጣት ሊጠይቀኝ ይችላል፦ «መምህር፣ እንግዲያው ከአንዱ ጋር አንድ ዓይነት፣ ከሌላው ጋር ሌላ ዓይነት ልሁን ነው የምትለው? ይህ ሁለት ፊት መሆን አይደለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን «እንደ ንጉሡ አጎንብሱ» የሚል አባባል አለ። በዚህ ዘዴ ብዙ ሰው ሹመት አግኝቶበታል፤ ብዙ እውነትም ተቀብሮበታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ያሳየናል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ከአይሁድ ጋር እንደ አይሁድ፣ ከደካሞች ጋር እንደ ደካማ ሆኖ እንደኖረ ይናገራል። ጴጥሮስ ደግሞ በገላትያ 2 እንደተጻፈው በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ከማዕዱ ተለየ። ሁለቱም እንደ አጠገባቸው ሰው ሆነዋል። ታዲያ አንዱ ለምን ይመሰገናል? ሌላው ለምን ተገሠጸ?

ልዩነቱ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ ነው። ጳውሎስ ሲለወጥ የከፈለው ራሱ ነው፤ ምቾቱን፣ የለመደውን፣ መብቱን ሰጠ። ጴጥሮስ ሲለወጥ የከፈሉት ከማዕዱ የተተዉት አሕዛብ ናቸው። ጴጥሮስ የራቀው የሚፈራቸውን ሰዎች አይቶ ነው፤ ጳውሎስ የቀረበው ደካማውን አይቶ ነው።

ይህን መለኪያ ይዛችሁ ወደ ሥራ ሂዱ። የባልደረባችሁን ሰላምታ በቋንቋው ስትማሩ፣ «አካም» እና «ገለቶማ» ወይም «ከመይ ኣለኻ» እና «የቐንየለይ» ስትሉ፣ ምላሳችሁ ተሰናክሎ የምትሣቁበት እናንተ ናችሁ። ይህ ማስመሰል አይደለም። ለአለቃው «በዓርብ አይደርስም፣ ለሰኞ ግን አደርሳለሁ» ብላችሁ በግልጽ ስትናገሩ የምትጨነቁት እናንተ ናችሁ። ይህም ማስመሰል አይደለም። ነገር ግን ቢሮ ውስጥ በአንድ ብሔር ላይ ቀልድ ሲቀለድ ከብዙኃኑ ጋር ለመስማማት አብራችሁ ብትስቁ፣ የሚከፍለው በክፍሉ ያለው ወይም የሌለው ያ ሰው ነው። ጉቦን «የመሥሪያ ቤቱ ባህል ነው» ብላችሁ ብትቀበሉ የሚከፍለው ጉዳዩ የዘገየበት ድኻ ነው። በባህል ስም የሚመጣ ሁሉ ባህል አይደለም፤ ሒሳቡ በማን ስም እንደተጻፈ እዩ።

ስለ ፍርሃት

ሌላም ልንሸሸው የማይገባ ነገር አለ። በአገራችን ሰው በስሙና በንግግሩ ቅላጼ የተመዘነበትን፣ የተጎዳበትንም ጊዜ አይተናል። ስለዚህ ዓባይን ተሻግሮ ለመሥራት የሚፈራ ወጣት አለ፤ ዓባይን ተሻግሮ ወደ እኛ ለመምጣት የሚፈራም አለ። የፈራውን «እምነት ጎደለህ» አልለውም። ፍርሃት ከባዶ አልመጣም፤ ጥንቃቄም ኃጢአት አይደለም።

የምለው ፍርሃት መምህራችን አይሁን ነው። ፍርሃት ስለ ሰዎች የሚያስተምረን ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ነው፤ «እነርሱ»ን እንጂ አንድን ሰው አያሳየንም። ባልደረባችሁ ፊቱን ቢያጠቁር ቶሎ ትርጉም አትስጡት። በመጀመሪያ ያያችሁትን ከገመታችሁት ለዩ። ያያችሁት ሰላም ሳይላችሁ ማለፉን ነው፤ «ስለ ዘሬ ጠላኝ» የሚለው ግን ግምታችሁ ነው። ግምቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሞተበት ሰው ሊኖርም ይችላል። ሳይጠየቅ አይታወቅም። ብዙ የሥራ ቦታ ጠብ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ከደጃፋችን እንጀምር

ይህን ችሎታ ለመማር ዓባይን እስክትሻገሩ አትጠብቁ። በሉማሜ የወንጌል አማኝ ወጣት ሆናችሁ ስትኖሩ ትምህርቱን ጀምራችኋል። አብዛኛው ጎረቤታችሁ፣ ምናልባትም ወላጆቻችሁ፣ ረቡዕና ዓርብን፣ የ55 ቀኑንም ዐቢይ ጾም የሚጾሙ ናቸው። በቁጥር ጥቂት መሆን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ጴንጤ» ተብሎ በአንድ ቃል መጠቅለል ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ይህን ያየ ሰው ነገ በብዙኃኑ ወገን ሲቆም በክፍሉ ጥግ ብቻውን የተቀመጠውን ለማየት ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ መሆን ይገባዋል።

ደግሞም ጥሩ አስተማሪዎች አሉን። በአካባቢያችን ድግስ ሲደገስ ለጠላ የማይጠጡት ብላ ብርዝ ለብቻ የምታዘጋጅ እናት አለች። ለሙስሊም እንግዶች በራሳቸው ሰው እንዲታረድ ለብቻ በግ የሚያቀርብ አባት አለ። እነዚህ ሰዎች ሥልጠና አልገቡም። አስቀድመው አሰቡ፣ የማያውቁትን ጠየቁ፣ ከዚያም ድካሙን ራሳቸው ተሸከሙ። እንግዳው ሲመጣ ቦታው ተዘጋጅቶ ጠበቀው። እምነታቸውን አልተዉም፤ እንግዳቸውም እምነቱን እንዲተው አልጠየቁትም።

እንግዲህ በዚህ ሩብ ዓመት የወጣት ኅብረታችሁ አንድ ነገር ይሞክር። እያንዳንዳችሁ ከቋንቋችሁ ወይም ከእምነታችሁ ውጭ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባ፣ የክፍል ጓደኛ ወይም ጎረቤት ምረጡ። በሳምንት አንድ ቀን ጊዜ ስጡት። ለመስበክም ለመከራከርም አትሂዱ፤ ለመጠየቅ ሂዱ። በእናንተ ዘንድ ሰው ሲያዝን ምን ይባላል? አለቃ እንዴት ይከበራል? «አይሆንም» የሚባለው እንዴት ነው? እኔ ሳላውቅ የማደርገው፣ እናንተን ግን የሚከብዳችሁ ነገር አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱን ስትሰሙ ለራሳችሁ ጥብቅና አትቁሙ። ስትመለሱም የሰማችሁትን ለኅብረቱ አካፍሉ፤ የሰውየውን ስምና ምሥጢር ግን ጠብቁ።

ደግ ልብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ አመስግኑበት። ነገር ግን ዘር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ይታረሳል፣ ይታረማል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል። ልባችሁም ለሰው የሚበላ እንጀራ እንዲሆን ብዙ ማክሰኞና ብዙ ቅዳሜ ያስፈልገዋል። ጌታ በምትሄዱበት ሁሉ ትዕግሥቱን ይስጣችሁ።